በኢታኖል ቅይጥ ቤንዚን በሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚታይ ነጭ ጭስ፦ መንስኤውን የመለያና እርምጃ የመውሰጃ መረጃ

ከተሽከርካሪ የጭስ ማውጫ ነጭ ጭስ ሲወጣ ብዙ አሽከርካሪዎች በቅድሚያ የሚጠረጥሩት ነዳጁን ነው። በተለይም ቤንዚኑ ከኢታኖል ጋር የተቀላቀለ መሆኑ ከታወቀ ጥፋቱ በሙሉ በኢታኖሉ ላይ ይጣላል። ይህ ግምት አንዳንድ ጊዜ ከፊል እውነት ቢኖረውም አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ነው። የተሳሳተ ግምት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ነዳጁን አስቀድቶ በሌላ የተካ አሽከርካሪ ችግሩ የተፈታ መስሎት ጉዞውን ሲቀጥል፣ ወደ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው የማቀዝቀዣ ውኃ ሞተሩን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ይችላል።

ይህ መረጃ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በተለይም በዝቋላ ወረዳና በሰቆጣ አካባቢ ለሚያሽከረክሩ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። በአካባቢው ከተከዜ ተፋሰስ ቆላ ተነስቶ ወደ ሰቆጣ ደጋ የሚወጣው መንገድ አቀበት የበዛበት ነው፤ የተሟላ ጋራዥም በየቦታው አይገኝም። በመሆኑም አሽከርካሪው ነጭ ጭስ ባየ ጊዜ ጉዞውን መቀጠል ወይም ማቋረጥ እንዳለበት በራሱ ለመወሰን የሚያስችል እውቀት ሊኖረው ይገባል።

የኢታኖል ቅይጥ ቤንዚን ምንነት

ኢታኖል ከስኳር ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት ከሆነው ሞላሰስ ተጣርቶ የሚገኝ አልኮል ነው። በኢትዮጵያ የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ለነዳጅ የሚውል ኢታኖል ሲያመርቱ ቆይተዋል። ኢታኖልን ከቤንዚን ጋር አቀላቅሎ ለገበያ ማቅረብ የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. ሲሆን፣ በወቅቱ የቅይጡ መጠን 5 በመቶ ኢታኖልና 95 በመቶ ቤንዚን ነበር። በ2003 ዓ.ም. የኢታኖሉ ድርሻ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። የማቀላቀሉ ሥራ ይከናወን የነበረው በሱሉልታ ሲሆን፣ ቅይጡም በዋናነት ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ይቀርብ ነበር። አቅርቦቱ በየጊዜው ሲቆራረጥ ቆይቷል።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን መረዳት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በሰቆጣ ወይም በፅፅቃ የሚገኝ ተሽከርካሪ ቤንዚን ስለሚጠቀም ብቻ ኢታኖል አለበት ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ኢታኖል የሚቀላቀለው ከቤንዚን ጋር ነው። በአካባቢው በብዛት የሚታዩት የጭነት መኪኖችና በርካታ የገጠር መስመር ተሽከርካሪዎች በናፍጣ የሚሠሩ በመሆናቸው የእነርሱ ነጭ ጭስ ከኢታኖል ጋር ግንኙነት የለውም። በናፍጣ ሞተር ላይ ነጭ ጭስ ሲታይ በሚገባ ያልተቃጠለ ናፍጣ፣ የኖዝል ብልሽት ወይም የማቀዝቀዣ ውኃ መስረግ ሊሆን ይችላል።

ኢታኖል ነጭ ጭስ ያስከትላልን?

ማንኛውም ነዳጅ ሲቃጠል ውኃ ይፈጠራል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 0.9 ሊትር ገደማ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፤ አንድ ሊትር ኢታኖልም ከዚህ ጋር ተቀራራቢ መጠን ያወጣል። ልዩነቱ ኢታኖል በሊትር የሚሰጠው ኃይል ከቤንዚን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያነሰ መሆኑ ነው። ስለዚህ በንጹሕ ኢታኖል የሚሠራ ተሽከርካሪ ያንኑ ርቀት ለመሄድ ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፤ የሚያወጣው እንፋሎትም በግማሽ ያህል ይጨምራል። ንጹሕ ኢታኖል በስፋት በሚሸጥባት ብራዚል ተሽከርካሪዎቹ ለዚሁ ነዳጅ ተብለው የተሠሩ ናቸው።

በ10 በመቶ ቅይጥ ግን ሁኔታው የተለየ ነው። የነዳጅ ፍጆታው የሚጨምረው በ3 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የእንፋሎቱ ጭማሪም ከዚሁ የራቀ አይደለም። ይህ በዓይን የሚለይ ልዩነት አይደለም። ስለሆነም በ10 በመቶ ቅይጥ የሚሠራ ተሽከርካሪ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ያለማቋረጥ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጭስ ካወጣ፣ መንስኤው ኢታኖሉ ነው ብሎ መደምደም አይገባም።

ይሁን እንጂ ኢታኖል በተዘዋዋሪ ችግር የሚፈጥርባቸው ሦስት ሁኔታዎች አሉ።

1. ኢታኖል ውኃ ይስባል። የ10 በመቶ ቅይጥ ሊሸከመው የሚችለው የውኃ መጠን ከነዳጁ ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ውኃው ከዚህ ሲያልፍ፣ በተለይም ነዳጁ ሲቀዘቅዝ፣ ኢታኖልና ውኃ ከቤንዚኑ ተነጥለው በታንኩ ሥር ይተኛሉ። የነዳጅ ፓምፑ የሚስበው ከሥር በመሆኑ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል፣ ነጭ እንፋሎትም ሊያወጣ ይችላል።

2. ኢታኖል ያጥባል። በአሮጌ ታንክና ቱቦ ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻ አስለቅቆ የነዳጅ ማጣሪያውን ሊደፍን ይችላል።

3. ለቅይጡ ያልተሠሩ የቆዩ የጎማ ቱቦዎችና ማሸጊያዎች ሊያብጡ ወይም ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ይህ የነዳጅ ማፍሰስና የእሳት አደጋን ያስከትላል።

እንፋሎትንና ጭስን መለየት

በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ማለዳዎች በደጋው ክፍል ሞተር ሲነሣ ስስ ነጭ ጉም ከጭስ ማውጫው መውጣቱ የተለመደ ነው። ይህ በሌሊት በጭስ ማውጫው ውስጥ የተጠራቀመና በቃጠሎ የተፈጠረ ውኃ ነው። ምልክቶቹም የሚከተሉት ናቸው፦ ከጭስ ማውጫው እንደወጣ በአየር ውስጥ ወዲያው ይጠፋል፤ ጎልቶ የሚሸት ነገር የለውም፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይቆያል። ከጭስ ማውጫው ጫፍ ጥቂት የውኃ ጠብታ መውረዱም ጤናማ ነው። እንዲህ ያለ እንፋሎት ጥገና አይፈልግም።

ትኩረት የሚሻው ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላም የማይቆም፣ ጥቅጥቅ ያለና በአየር ላይ ተንሳፎ የሚቆይ ነጭ ጭስ ነው። ሰማያዊ የሚመስል ጭስ የሞተር ዘይት መቃጠሉን፣ ጥቁር ጭስ ደግሞ ነዳጅ መብዛቱን ስለሚያመለክት ቀለሙን በቀን ብርሃን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ነጭ ጭስ መቼ ጀመረ?

መንስኤውን ለመለየት ዋነኛው ጥያቄ ጭሱ የጀመረበት ጊዜ ነው።

ጭሱ የታየው ነዳጅ በተቀዳ ማግስት ወይም በዚያው ቀን ከሆነ በቅድሚያ ነዳጁ ይጠረጠራል። ቤንዚን ከነጭ ጋዝ ወይም ከናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ ጭሱ ያልተቃጠለ ነዳጅ ይሸታል፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ለመነሣትም ያስቸግራል። ውኃ የገባበት ነዳጅ ከሆነ ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ ሆኖም የራዲያተሩ ውኃ አይቀንስም።

ጭሱ ቀስ በቀስ እየበረታ የመጣ ከሆነ፣ ወይም ሞተሩ በአቀበት ላይ ከመጠን በላይ ከሞቀ በኋላ የጀመረ ከሆነ፣ የማቀዝቀዣ ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱ በእጅጉ ያጠራጥራል። ይህ የሚሆነው በሞተሩ አካልና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ማለትም ጓርኒሲዮኑ፣ ሲቃጠል ወይም ቴስታታው ሲጣመምና ሲሰነጠቅ ነው።

ብዙ መመሪያዎች የማቀዝቀዣ ፈሳሽ የገባበት ጭስ ጣፋጭ ሽታ እንዳለው ይገልጻሉ። ይህ ትክክል የሚሆነው በራዲያተሩ ውስጥ የፋብሪካ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሲኖር ነው። ተራ ውኃ ብቻ በተሞላበት ተሽከርካሪ ላይ ግን ጣፋጭ ሽታ አይኖርም። ስለዚህ የሽታው አለመኖር ጓርኒሲዮኑ ደህና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

አሽከርካሪው ራሱ ሊያከናውነው የሚችል ምርመራ

የሚከተሉት ምርመራዎች ልዩ መሣሪያ አይጠይቁም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ ተሽከርካሪው በደልዳላ ቦታ ቆሞ የሚከናወኑ ናቸው።

1. የማቀዝቀዣ ውኃ መጠን፦ በማለዳ፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ በራዲያተሩና በመጠባበቂያ ዕቃው ያለውን መጠን ምልክት አድርጎ ለተከታታይ ቀናት መመልከት። ከሥር የሚታይ ፍሳሽ ሳይኖር ውኃው የሚቀንስ ከሆነ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል።

2. የሞተር ዘይት፦ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥቶ መመልከት። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውኃ ተቀላቅሎበታል፤ ተሽከርካሪው መነሣት የለበትም። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ጥቂት ነጣ ያለ አረፋ ግን በአጭር ርቀት ምልልስና በቅዝቃዜ ሊፈጠር ስለሚችል ለብቻው ማስረጃ አይሆንም።

3. የፍሬን ዘይት፦ በአንዳንድ ተሽከርካሪዎች የፍሬን አጋዡ ሲበላሽ የፍሬን ዘይት በቫኩም ቱቦው በኩል ወደ ሞተሩ ተስቦ ነጭ ጭስ ይፈጥራል። የፍሬን ዘይቱ ያለ ምክንያት እየቀነሰ ከሆነ ጉዳዩ የሞተር ብቻ ሳይሆን የሕይወት ደህንነት ጉዳይ በመሆኑ ተሽከርካሪው ሳይጠገን መንቀሳቀስ የለበትም።

4. አረፋ፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ሞተሩን በማስነሣት ከመሞቁ በፊት ውኃውን መመልከት። ያለማቋረጥ የሚወጣ አረፋ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ማቀዝቀዣው እየገባ መሆኑን ያመለክታል። ሞተሩ መሞቅ ሳይጀምር ማጥፋት ያስፈልጋል።

5. ነዳጁን መፈተሽ፦ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ መስመር ያለው የመስታወት ዕቃ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ውኃና 90 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ጨምሮ፣ ከድኖ መናጥና እስኪረጋ መጠበቅ። ቤንዚኑ ኢታኖል ከሌለው ከሥር የሚረጋው ውኃ 10 ሚሊ ሊትር እንደሆነ ይቆያል። የ10 በመቶ ቅይጥ ከሆነ ኢታኖሉ ወደ ውኃው ስለሚሄድ የታችኛው ክፍል ወደ 19 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። ምርመራው ከእሳት፣ ከሲጋራና ከቤት ውስጥ ምድጃ ርቆ በአየር ላይ መከናወን አለበት። ይህ ዘዴ ኢታኖል መኖሩን እንጂ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ መቀላቀሉን አያሳይም።

በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ያላቸው ባጃጆችና ሞተር ሳይክሎች ራዲያተር ስለሌላቸው በእነርሱ ላይ የሚታይ ነጭ ጭስ የማቀዝቀዣ ውኃ ሊሆን አይችልም። በእነዚህ ላይ ምርመራው በነዳጁ፣ በካንዴላውና በዘይቱ ላይ ያተኩራል።

የአካባቢው መልክዓ ምድር የሚያስከትለው ተጽዕኖ

ውኃ በባሕር ወለል ደረጃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው ሰቆጣ ግን ተራ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። የብዙ ሞተሮች መደበኛ የሥራ ሙቀት ከዚህ ጋር ተቀራራቢ በመሆኑ ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው በራዲያተሩ ክዳን የሚታመቀው ግፊት ነው። ክዳኑ ሲላላ፣ ወይም ጠፍቶ በጨርቅና በፌስታል ሲተካ፣ ግፊቱ ይጠፋል፤ ውኃውም በአቀበት ላይ ይፈላል። የጓርኒሲዮን ቃጠሎ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ቀላል ከሚመስል ጉድለት ነው። ትክክለኛ ክዳን መግጠም ቴስታታ ከማስወረድ ጋር ሲነጻጸር ወጪው እጅግ አነስተኛ ነው።

የፋብሪካ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የመፍያ ነጥቡን ከፍ ከማድረጉም በላይ ዝገትን ይከላከላል። ሆኖም በውስጡ የሚገኘው ኢትሊን ግላይኮል መርዛማ ነው፤ ጣፋጭ በመሆኑም ሕፃናትንና እንስሳትን ይስባል። ፍየሎችና ሌሎች ከብቶች በሚሰማሩበት ወይም ውኃ በሚጠጡበት ቦታ ማፍሰስ አይገባም።

በጄሪካን ነዳጅ የሚያጓጉዙ ተጠቃሚዎች ደግሞ ዕቃው ንጹሕ፣ ደረቅና በሚገባ የሚከደን መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ቀደም ሲል ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ ወይም ውኃ የነበረበት ጄሪካን ጥሩውን ቤንዚን ያበላሻል። ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የሚቆም ተሽከርካሪ ታንክ ውስጥም ቅይጥ ቤንዚንን ለወራት ማቆየት አይመከርም።

በመንገድ ላይ ሲያጋጥም

ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጭስ ከሙቀት መለኪያው መጨመር ጋር አብሮ ከታየ አሽከርካሪው የሚከተሉትን ማድረግ ይኖርበታል፦

- ደህንነቱ በተጠበቀ ቦታ ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት። «እስከ ሰቆጣ ልድረስ» በማለት መቀጠል በጓርኒሲዮን የሚያበቃውን ጥገና ሞተር እስከ መቀየር ሊያደርሰው ይችላል።
- የራዲያተሩን ክዳን በሙቅነቱ አለመክፈት። ታምቆ የቆየው እንፋሎትና የፈላ ውኃ ፊትንና እጅን ክፉኛ ያቃጥላል። ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅና ራዲያተሩ ለእጅ ሲቀዘቅዝ ብቻ በጨርቅ ይዞ ቀስ በቀስ መክፈት ያስፈልጋል።
- በጋለ ሞተር ላይ ወይም ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ አለማፍሰስ። ድንገተኛ ቅዝቃዜ ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል።
- ሞተሩ ለመዞር እምቢ ካለ ደጋግሞ አለመሞከር። በሲሊንደር ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ የማይታመቅ በመሆኑ የፒስተኑን ክንድ ሊያጣምመው ይችላል።
- ሕመምተኛ ወይም ወላድ ተሳፍራ ከሆነ ተሽከርካሪው እስኪጠገን ሳይጠበቅ ወደ ሌላ ተሽከርካሪ እንድትዛወር ማድረግና ቅርብ ለሆነው ጤና ተቋም ማሳወቅ።

በአንጻሩ ጭሱ ነዳጅ ከተቀዳ በኋላ የጀመረ፣ የሙቀት መለኪያው የተለመደ፣ የራዲያተሩ ውኃና ዘይቱ ጤናማ ከሆኑ፣ ሞተሩም እስከ ሠራ ድረስ በዝግታ ወደ ቅርቡ ከተማ መድረስ ይቻላል። የተጠረጠረውን ነዳጅ በመንገድ ዳር ወይም በወንዝ አጠገብ መድፋት የተከለከለና አደገኛ ነው።

ወደ ጋራዥ ሲገቡ

ባለንብረቶች ቴስታታው ከመውረዱ በፊት ምርመራ እንዲደረግ የመጠየቅ መብት አላቸው። ባለሙያው ካንዴላዎቹን አውጥቶ ሲመለከት አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የታጠበ መስሎ ከነጣ ውኃ የሚገባው በዚያ ሲሊንደር መሆኑን ያመለክታል። የማቀዝቀዣ ሥርዓቱን በግፊት መፈተሽ፣ የየሲሊንደሩን ኮምፕረሽን መለካት እና በራዲያተሩ ውስጥ የቃጠሎ ጋዝ መኖሩን በቀለም በሚለውጥ ፈሳሽ መመርመርም ይቻላል። ጓርኒሲዮን በሚቀየርበት ጊዜ ቴስታታው አለመጣመሙ ካልተለካና አስፈላጊ ከሆነም ካልተስተካከለ፣ አዲሱ ጓርኒሲዮን በአጭር ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ይቃጠላል። ሞተሩ በመጀመሪያ ለምን እንደ ሞቀ፣ ማለትም ክዳኑ፣ ቴርሞስታቱ፣ የውኃ ፓምፑና ቬንትሌተሩ፣ ሳይጣራ ጥገናው እንደ ተጠናቀቀ አይቆጠርም።

የተበላሸ ነዳጅ ሲጠረጠር

ነዳጅን ከባዕድ ነገር ጋር ቀላቅሎ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ተግባር ነው። ነዳጁ የተበላሸ ነው ብሎ የሚጠረጥር ዜጋ የተቀዳበትን ማደያ፣ ቀንና ሰዓት መመዝገብ፣ የኤሌክትሮኒክ ክፍያውን ማረጋገጫ መልእክት አለማጥፋት፣ ከታንኩም ናሙና በንጹሕና በሚታሸግ ዕቃ በምስክሮች ፊት ማስቀመጥ ይኖርበታል። በዚያው ቀን ከዚያው ማደያ የቀዱ ሌሎች አሽከርካሪዎች ተመሳሳይ ምልክት ካዩ አቤቱታው ይጠናከራል። አቤቱታው ለወረዳው የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ ሲሆን፣ በፌዴራል ደረጃ የነዳጅ ጉዳይ የሚመለከተው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ከማደያ ውጭ ያለ ማስረጃ የተገዛ ነዳጅ ግን ተጠያቂውን ለመለየት አስቸጋሪ ያደርጋል።

ለማጠቃለል

ማለዳ ታይቶ የሚጠፋ እንፋሎት ጤናማ ነው። ነዳጅ ከተቀዳ በኋላ የጀመረ ጭስ ነዳጁን ማስፈተሽ ይጠይቃል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይቆምና የራዲያተሩን ውኃ የሚቀንስ ነጭ ጭስ ግን፣ ቤንዚኑ ኢታኖል ኖረውም አልኖረው፣ ሞተሩን አጥፍቶ ባለሙያ መጥራትን የሚጠይቅ ብልሽት ነው። ስለዚህ ማንኛውም አሽከርካሪ ነዳጁን ከመውቀሱ በፊት የራዲያተሩን ውኃ መጠን ማየት ይኖርበታል።